ወደ ግራ የዞሩት ዝዮች

ሚሳኦ መቀመጥ አትችልም። ይህ በኒሺጂን ሰፈር የታወቀ ነው። ሸማኔዎቹ ከማለዳ ጀምረው ግድግዳውን በሚያንቀጠቅጡበት ጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ተጣጣፊ ማራገቢያ ላይ በመሣል የምትተዳደር ሴት ናት፤ ሥራው ደግሞ ተቀምጦ የሚሠራ ነው። እሷ ግን አንድ መስመር ትስላለች፣ ትነሳለች። መስኮቱን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋለች። ውሃ ጠጥታ ትመጣና ሌላ መስመር ትስላለች።

ባሏ ቶኩጂ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ብስክሌት ይጠግናል። "የሚስቴ መቀመጫ ላይ ድመቷ እንኳ አትተኛም፤ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው" ይላል ለደንበኞቹ።

"አንተ ደግሞ ከተቀመጥክበት የሚያስነሳህ ምሳ ብቻ ነው" ትለዋለች፣ በአጠገቡ ስታልፍ።

ልጅ ሳለች እናቷ የውዝዋዜ መምህርት በነበሩት በኡሜኖ ቤት ልብስ ታጥብ ነበር። ኡሜኖም ለእናትየው አስበው ልጅቷን ያለ ክፍያ ትምህርት አስገቧት። አንድ ወቅት እንኳ አልቆየችም። በዚያ ውዝዋዜ ሰው ከሚንቀሳቀስበት ጊዜ ይልቅ ዝም ብሎ የሚቆምበት ይበዛል፤ ሚሳኦ ደግሞ ሌሎቹ ልጆች ቆመው ሲጠብቁ እሷ ጣቷን ታፍተለትላለች፣ ጣራ ታያለች፣ እግሯን ታሻሻለች። ኡሜኖ ሳይቆጡ ወደ ኩሽና መለሷት። "ድንቢጥ ናት፤ ድንቢጥ ደግሞ ቆሞ መጠበቅ አይሆንላትም" አሏት ለእናቷ። ከዚያ በኋላ ሚሳኦ እናቷ ልብስ ስታሰጣ በኩሽናው በር ስንጥቅ የተማሪዎቹን ጀርባ እያየች አደገች። ማንም ሳያውቅ አንዱን ውዝዋዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተማረችው፤ "ጀልባ የምትጠብቀዋ ሴት" የሚባለውን።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ማራገቢያ ሠሪዎች ዘንድ ገባች፤ እዚያም ቀረች። ከቀለሙ ሁሉ የምትወደው ጥቁሩን ነበር። ጥቁር ቀለም ሁለተኛ ዕድል አይሰጥም፤ ወረቀቱን እንደነካ ነገሩ አለቀ። አኻያ ዛፍ፣ ቀርከሃ፣ ዝናብ ትሥላለች፤ ስሟ አይጻፍበትም። የሣለቻቸው አኻያዎች በማታውቃቸው ሰዎች እጅ ሲወዛወዙ ኖሩ፤ ፀጉሯም በዚሁ ሥራ ላይ ሸበተ።

ኡሜኖ ያስጠሯት አንድ መኸር ላይ ነበር።

"ግቢ፣ ድንቢጥ" አሏት። ከአጭር ጠረጴዛ ኋላ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ጀርባቸው ግን ገና አልጎበጠም። "ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ትሄጃለሽ፣ አውቅሻለሁ። ስለዚህ ቶሎ ልንገርሽ። ማራገቢያ ሥዪልኝ።"

"በደስታ፣ መምህሬ። ፊቱ ላይ ምን ይሁን?"

"ፊቱ ባዶ ይሁን። ጀርባውን ነው የምትሥዪልኝ። እኔ የማየውን።"

ሚሳኦ ግራ ተጋባች። የማራገቢያ ሥዕል ለተመልካች ነው፤ በሚወዛወዘው ሰው በኩል ያለውን ማን ያየዋል?

ኡሜኖ ወደ ተንሸራታቹ በር ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። ልጃቸው ቺሴ በሚቀጥለው ክፍል ታስተምራለች። "በዚህ ወር መጨረሻ ለመጨረሻ ጊዜ እጫወታለሁ፤ ጀልባ የምትጠብቀዋን። ከዚያ ቤቱን ቺሴ ትረከባለች። ግን መሐሉ ላይ ይጠፋኛል። ባለፈው ብቻዬን ስለማመድ ድልድዩን ሁለት ጊዜ ተሻገርኩ።"

"ማንም ሰው አንዳንዴ..."

"አንዳንዴ አይደለም። አንቺ አታባብይኝ፤ አያምርብሽም።" ፈገግ አሉ። "በእያንዳንዱ እጥፋት ላይ አንድ ነገር ሥዪልኝ፤ በውዝዋዜው ተራ። በሩ፣ አኻያው፣ ድልድዩ፣ ሸምበቆው። ማራገቢያውን ስዘረጋ መንገዴን አየዋለሁ።"

"ለቺሴ ቢነግሯትስ?"

"ቺሴ ካወቀች ፊቷ ይናገራል። ሰው ደግሞ አንዴ ካወቀ፣ መርሳት ከጀመርኩ ወዲህ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ያስተማርኩት ሁሉ ይጠረጠራል። አንዷ ልጅ እጇን ባነሳች ቁጥር 'ይሄ የአሮጊቷ መርሳት ይሆን?' ይባላል። ልጄ እንዲህ ያለ ቤት እንድትረከብ አልፈልግም። አንድ ጊዜ ሳልሳሳት ልጫወትና ልቀመጥ።"

ሚሳኦ ሻዩን ሳትጨርስ ወጣች። ኡሜኖም ይህንኑ ጠብቀው ነበር።

ሥራው አልሆን አላት። ወረቀቱ ሲሣልበት ጠፍጣፋ ነው፤ እጥፋቱ የሚኖረው በሣዩ ሐሳብ ውስጥ ብቻ ነው። አንድ ጣት ያህል ስታ የሣለችው ድልድይ ሲታጠፍ ለሁለት ይሰበራል። የመጀመሪያውን ወረቀት በአኻያው አበላሸችው፤ ሁለተኛውን ብሩሿን ይዛ ስትነሳ ጠብታ ወደቀበት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። አሁን ግን ቀኑ እየገፋ ነው፤ በእንቅልፍ ልቧ እንኳ ድልድይ ትሻገራለች።

በሦስተኛው ወረቀት እጇ ተፈታ። በሩን፣ አኻያውን፣ ድልድዩን ሠራች። ሸምበቆውን፣ ፋኖሱን፣ ዝናቡን ጨመረች። ዝናቡ ላይ ቀለሙ አለቀ።

ደረቁን ቀለም በጥቁር ድንጋይ ላይ በውሃ ማሸት ትዕግሥት ይፈልጋል። ቀስ ተብሎ፣ እጅ ሳይጫን፣ ውሃው ዘይት እስኪመስል መታሸት አለበት። ሚሳኦ ከሥራዋ ሁሉ የምትጠላው ይህንን ነው። ከጎኗ ደግሞ በክዳን የተከደነ የትናንት ቀለም አለ። የቀረው ጀልባው፣ ዝዮቹና ጨረቃዋ ብቻ ነው። እጇም ሞቋል። ክዳኑን ከፈተችው።

ያደረ ቀለም ያምራል። ጠርዙ እንደ ጭስ ይሰፋል፣ ጥቁርነቱ ይለዝባል። ነገር ግን ጥላሸቱን ከወረቀት ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ በአንድ ሌሊት ይሞታል። ሲደርቅ ከአዲሱ ቀለም አይለይም፤ ውሃ ሲነካው ግን ይነሳል። ለግድግዳ ሥዕል ምንም አይደለም። ማራገቢያ ግን ከመታጠፉ በፊት ይረጥባል። ይህንን ማራገቢያ የሚሥል ሁሉ ያውቃል። ሚሳኦም ታውቃለች፤ እጇ ግን እስክታስታውስ አልጠበቃትም።

ጨዋታው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው ወረቀቱን ከካሞ ወንዝ ማዶ ለሚኖረው ለአጣፊው ለጌንሱኬ አስረክባ በትራም ተመለሰች። ቤት ገብታ የቀለም ሳህኖቿን ማጠብ ጀመረች። የአንደኛው ቀለም በጣቷ ካላሸችው አልለቅ አለ። የሁለተኛው፣ ያደረው ቀለም ግን ውሃ ገና ሲነካው ተነስቶ እንደ ጭጋግ ተንሳፈፈ።

ሳህኑን እዚያው ጥላው ወጣች።

ጌንሱኬ ስልክ የለውም፤ ሲጮህ እጄን ያሳስተኛል ይላል። ሚሳኦ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ለጥገና የቆመውን ብስክሌት ያዘች።

"የሰው ነው እኮ" አለ ቶኩጂ።

"እመልሰዋለሁ።"

"ፍሬኑን ገና አልሠራሁትም።"

"ፍሬኑን ምን ላደርግበት" አለችና ወጥታበት ተፈተለከች።

ከከተማው ዳር እስከ ዳር ቀሚሷን በአንድ እጇ ሰብስባ ነዳች። ድልድዩ ላይ አንድ የአትክልት ሻጭ ጋሪውን ጎትቶ ሸሸላት። ጌንሱኬ ግቢ ስትደርስ ብስክሌቱን ከአንድ ዛፍ ግንድ ጋር አጋጭታ አስቁማ ገባች። ሽማግሌው እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቱ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፏል።

"ጋሼ ጌንሱኬ፣ የእኔን ነክተውታል?"

"አሁን ገባ። ሰላምታ ቀረ እንዴ?"

"ያውጡት።"

ፊቷን አየና አልጠየቀም። ጨርቁን ገለጠ። በሩ አለ፣ አኻያው አለ፣ ዝናቡም እያንዳንዱ ጭረት በቦታው ነው። ከዚያ ወዲያ ጀልባው እንደ ሳሙና ሟሙቷል። ዝዮቹ ከጨረቃዋ ጋር ተቀላቅለው አንድ ግራጫ ነገር ሆነዋል።

"ያደረ ቀለም?" አለ ጌንሱኬ።

"ያደረ።"

"እኔ ደግሞ ከዝናቡ በኋላ የሚወጣውን ጭጋግ እንዴት አሳመረችው ብዬ ስደነቅ ነበር።" ጎንበስ ብሎ አየው። "ደግሞም ያምራል።"

"ማማሩ አይደለም የተፈለገው።"

"ማራገቢያ ላይ ከማማር ሌላ ምን ይፈለጋል?"

ልትነግረው አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። "ሌላ ተደራርቦ የተለጠፈ ወረቀት የለዎትም?"

"ዛሬ ብለጥፈው ነገ ይደርቃል። ከዚያ ትሥያለሽ፣ ከዚያ ይረጥባል፣ ይታጠፋል፣ ቀርከሃው ይገባበታል። ጨዋታው መቼ ነው ያልሽኝ?"

"ነገ ከሰዓት።"

"እንግዲህ ያለሽ ይሄ ነው። አሁን እርጥበቱ ሳይሸሽ ካላጠፍኩት ይሰነጠቃል። ልጠፈው ወይስ ልጣለው?"

ሚሳኦ ወደ ግቢው ወጣች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ወጣች። ሽማግሌው እጁን ከወረቀቱ በላይ አንሳፍፎ ይጠብቃል። "መሬቴን ቆፈርሽው እኮ" አላት በመጨረሻ።

"ይጠፉት" አለች።

በማግስቱ ጠዋት ጌንሱኬ በወረቀቱ ንብርብር መካከል እፍ እያለ መንገድ ከፈተና አሥሩን የቀርከሃ አጥንቶች አንድ በአንድ አስገባቸው። ሚሳኦ ሙጫው በደንብ ሳይደርቅ ተቀብላው ሮጠች።

ጨዋታው በወንዙ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ ፎቅ ላይ ነው። ኡሜኖ በኋለኛው ክፍል ቆመው ቺሴ ትልቁን መቀነት ታስርላቸዋለች። ሚሳኦ ማራገቢያውን በሁለት እጇ አቀረበች። ኡሜኖ ከቀኝ ጀምረው ዘረጉት፤ ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል። ዝናቡ ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ።

ቺሴ በትከሻቸው በኩል አየችው። አርባ ዓመት ያለፋት፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። "እንዴት ያምራል፣ ሚሳኦ" አለች። "መጨረሻውን እንዲህ መተውሽ።"

"ሚሳኦ ሁልጊዜ ትቸኩላለች" አሉ ኡሜኖ፤ ማራገቢያውን ዘጉት።

ቺሴ የመቀነቱን ገመድ ልታመጣ ወጣ ስትል ሚሳኦ ተንበረከከችና የቀሚሳቸውን ጫፍ የምታስተካክል መሰለች። "መምህሬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከዝናቡ በኋላ ጀልባ፣ ዝይ፣ ጨረቃ ነው። ልሣልበት?"

"በታጠፈ ወረቀት ላይ? ቀለሙ በእጥፋቱ ሮጦ የቀረውንም ያጠፋዋል። ይሄን እኔ ነኝ የምነግርሽ?"

"እንግዲያው በቃልዎ ይያዙት። ጀልባ፣ ዝይ፣ ጨረቃ።"

ኡሜኖ ወደ ታች አዩዋት፤ ዓይናቸው ደግ ነበር። "አሁን ይዤዋለሁ፤ በሩን ስሻገር አይኖርም" አሉ። ቺሴ ገመዱን ይዛ ገባች።

እንግዶቹ ሰሌኑ ላይ በተነጠፉት መከዳዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ከዱሮ ተማሪዎች እስከ ሰፈሩ ነጋዴዎች። ሚሳኦ ከሁሉም ኋላ፣ በሩ ሥር ተቀመጠች። አንዲት አሮጊት ባለ ሦስት ጅማቱን ሻሚሰን ነክታ ማንጎራጎር ጀመረች፤ ኡሜኖም ገቡ።

በሩን ከፈቱ። አኻያውን በግንባራቸው ገፋ አድርገው አለፉ። ድልድዩን አንዴ ብቻ ተሻገሩ፤ ሚሳኦ ትንፋሿን ለቀቀች። በሸምበቆው መካከል ሄዱ፣ ፋኖሱን ከፍ አደረጉ፣ እጅጌያቸውን ለዝናቡ ጣሉ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ የረጠበ መሰለው። ከዚያም ማራገቢያውን ወደ ፊታቸው አቅርበው ቆሙ።

ቆሙ። በዚያ ውዝዋዜ መቆም እንግዳ ነገር ስላልሆነ ማንም አልደነገጠም። ከፊት የተቀመጠ አንድ ነጋዴ እንዲያውም ራሱን በአድናቆት ነቀነቀ። ዘፋኟ ጅማቱን አንዴ መታች፤ ጠበቀች፤ ደግማ መታች። ከፊት የተቀመጠችው ቺሴ አንገቷን ቀስ ብላ ቀና አደረገች። ኡሜኖ ጭጋጉን ያያሉ። ዓይናቸው ከዳር እስከ ዳር ሄደ፣ ተመለሰ፤ የሚረግጡበት ጠፋቸው።

ሚሳኦ መቼ እንደተነሳች አታውቅም። ከኋላዋ ከበሩ በስተቀር ምንም የለም፤ ከፊቷ ያለው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቷታል። እጇን ወደ ፊት ዘረጋች፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ጀልባው ነው። የኡሜኖ ዓይን ከማራገቢያው ተነስቶ አገኛት። እጃቸው ተዘረጋ፣ እግራቸው ወደ ኋላ አለ። ዘፋኟ ያንጠለጠለችውን ቃል ለቀቀችው።

ቀጥሎ ዝዮቹ ናቸው። ሚሳኦ ቀኝ ትከሻዋን አስቀድማ ዞረች፤ ዝዮቹን እያየች በእጇ ሸኘቻቸው። በኩሽናው ስንጥቅ ያየችው የተማሪዎቹን ጀርባ ስለነበር ቀኙን በቀኝ ነው የተማረችው። ኡሜኖ ግን ለሃምሳ ዓመት ከልጆች ፊት ለፊት ቆመው ያስተማሩ ናቸው። ልጅቷ ቀኟን እንድታነሳ እሳቸው ግራቸውን ያነሳሉ፤ ልጅቷ በመስታወት ራሷን የምታይ እስኪመስላት። ፊት ለፊታቸው አንዲት ድንቢጥ ወደ ቀኝ ስትዞር፣ አካላቸው የለመደውን አደረገ። ወደ ግራ ዞሩ።

የሚሳኦ እጅ አየር ላይ ቀረ።

እንግዶቹ ምንም አላወቁም። ኡሜኖ ዝዮቹን በግራ በኩል በወንዙ ላይ ሸኟቸው፤ ጨረቃዋን ከሚሳኦ ተቀብለው ቀና ብለው አዩ። ከዚያም ተንበርክከው ማራገቢያውን ዘግተው ጉልበታቸው ፊት አኖሩትና እጅ ነሱ። አንዲት የዱሮ ተማሪ እጅጌዋን ዓይኗ ላይ አደረገች። ነጋዴው አፍንጫውን ተናፈጠ። ሚሳኦ በሩን ገፍታ ወጥታ በኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ትል ጀመር። ጨርሰዋል። ማንም አልነቃም። ግን ቺሴ ነቅታለች፤ ዝዮቹ ጋ ትከሻዋ ሲደነግጥ ሚሳኦ አይታለች።

እንግዶቹ ከተሸኙ በኋላ በኋለኛው ክፍል ሦስቱ ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ቺሴ እናቷ ፊት ተንበረከከች።

"እናቴ፣ ዝዮቹ ጋ ሲደርሱ ወደ ግራ ዞሩ" አለች።

ሚሳኦ የሻይ ሲኒ አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች።

"እድሜዬን ሁሉ ወደ ቀኝ ነው ያስተማሩኝ። መጀመሪያ ተሳሳቱ ብዬ ልቤ ቆሞ ነበር።" ቺሴ ወደ እናቷ ጠጋ አለች። "ከዚያ ገባኝ። ጀልባው የሚመጣው ከቀኝ ነው። ሴትዮዋ ወደ ቀኝ ስትዞር ዝዮቹን እያየች፣ እግረ መንገዷን አሁንም ትጠብቀዋለች። እርስዎ ግን ጀርባዎን ሰጡት። ከእንግዲህ አትጠብቀውም ማለት ነው። ይሄን ሁሉ ዘመን ለዛሬ ነው የደበቁት?"

ኡሜኖ የማራገቢያውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

"ይሄን ሁሉ አየሽበት?" አሉ።

"አየሁ። ሁለቱ ትልልቅ ተማሪዎች በጎን ክፍል ልብስ እየሰበሰቡ ነው። ሳይረሳኝ ላሳያቸው? እንዲህ ይማሩት?"

ሚሳኦ ሲኒውን ይዛ ቀረች።

"እንዳየሽው አስተምሪያቸው" አሉ ኡሜኖ።

ቺሴ እጅ ነስታ እየተቻኮለች ወጣች፤ ረጋ ያለችው ቺሴ። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ሚሳኦ ሲኒውን አስቀመጠች።

"ቀኝ ነበር ያሳየሽኝ" አሉ ኡሜኖ።

"ቀኝ፣ መምህሬ።"

"ዞሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ያወቅሁት። የት ነው የተማርሽው?"

"ኩሽና ውስጥ።"

"በእኔ ቤት ይሄን ያህል ተቀምጠሻል ማለት ነው።"

"ቆሜ ነው" አለች ሚሳኦ፤ ኡሜኖ በአፍንጫቸው ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ልንገራት። ልጆቹ ሳይለምዱት።"

"ምን ብለሽ?"

"ቀለሙን አበላሸሁት እላለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያደረ ቀለም ነው የተጠቀምኩት።"

"ቀለሙ ተበላሽቶ እናቴን ለምን አዞራት ትልሻለች። ከዚያስ?"

ሚሳኦ ሲኒውን ወደ ዳር ገፋች። ኡሜኖ ትንፋሻቸውን ቀስ ብለው አስወጡ። "እኔም የፈራሁት ስህተቴ በልጆቹ ውስጥ እንዳይቀር ነበር" አሉ። "ይኸው አሁን በዓይኔ እያየሁ ገባ። ግን ፊቷን አየሽው? በሕይወቷ ሙሉ የሰጠኋትን ነው የያዘችው። ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው፤ ራሷ አገኘች።"

"ያገኘችው የሌለ ነገር ነው።"

"አሁን አለ።"

ከጎን ክፍል የነጭ ካልሲ በሰሌን ላይ መንሸራተት ተሰማ። "ግራ ትከሻ ይቀድማል" ትላለች ቺሴ። "ቶሎ አይደለም፣ ካዙ። ጀልባውን እየተውሽው ነው፤ ሰው እንዲህ አይሮጥም። እንደገና።"

ሚሳኦ በአንድ ጉልበቷ ተነስታለች። በሩ ክንድ ቢዘረጋ የሚደረስበት ነው። ኡሜኖ እጃቸውን ዘርግተው የእጅጌዋን ጫፍ ያዙ። አልጎተቷትም፤ ሁለት ጣት ብቻ ነው። ብትሄድ ይለቃታል።

"እንደገና" አለች ቺሴ ከግድግዳው ወዲያ።

አንደኛዋ ልጅ ተሳስታ ወደ ቀኝ ሳትዞር አልቀረችም፣ ሳቅ ተሰማ። ሚሳኦ በአንድ ጉልበቷ እንዳለች ቀረች፤ እግሯ እየደነዘዘ፣ ጆሮዋ ግድግዳው ላይ፣ ለመነሳትም ለመቀመጥም ሳትወስን። ዘፋኟ ሄዳ ስለነበር ቺሴ ዜማውን በአፏ ታንጎራጉራለች። ከዚያ ካልሲዎቹ ያለ ሳቅ፣ ያለ ስህተት፣ እኩል ተንሸራተቱ፣ እኩልም ቆሙ። የኡሜኖ ጣቶች እጅጌዋ ላይ ትንሽ ጠበቅ አሉ።